ጨጓራን የሚያቆስለው ጾሙ ነውን?
ስለ ጨጓራ ተፈጥሯዊ ጋሻ፣ ስለ ሆርሞኖችና ስለ ሰበካ ጉባኤያት ድርሻ



ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ በኩል ወደ ባቱ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኘው ዓለም ጤና በስሟ ጤናን የያዘች ከተማ ናት። በዚያችና በአካባቢዋ ባሉ አጥቢያዎች ከካህናትና ከምእመናን ጋር ስለ ጤና ስንወያይ አስቀድሞ የሚነሣልን ጥያቄ ስለ ጨጓራ ነው። አነጋገሩ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ጨጓራችንን ያቆሰለው ጾሙ ይሆን?» የሚል።

ጥያቄውን በዚህ ዓምድ ለመመለስ ያነሣሣን የአንድ አባት ነገር ነው። ስማቸውንና አጥቢያቸውን አንጠቅስም። ዕድሜያቸው ከስድሳ የተሻገረ፣ ከማኅሌት የማይጎድሉ መሪጌታ ናቸው። ጉልበታቸውና ወገባቸው ስለሚያማቸው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለወራት ወሰዱ። በዐቢይ ጾምም ሌሊት ወደ ማኅሌት ከመውጣታቸው በፊት በባዶ ሆዳቸው ይውጡት ነበር። ሆዳቸውን ሲያቃጥላቸው ምክንያቱን ለጾሙ ሰጡ፤ ተልባ እየጠጡም ታገሡ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር የምግቡ ለውጥ ያመጣው ነው ብለው ዝም አሉ። በሰሙነ ሕማማት ከስግደት ሲነሡ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ጨጓራቸው ቆስሎ ሲደማ መሰንበቱ ታወቀ፤ ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ። ያቆሰላቸው ለጉልበታቸው ብለው የዋጡት ክኒን እንጂ ጾሙ አልነበረም።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት፣ ጨጓራ ራሱን የሚጠብቅበትን ሥርዓት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሲዱና ጋሻው

ጨጓራ በቀን ከ1 ተኩል እስከ 2 ሊትር የሚደርስ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ያመነጫል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሥጋን ለማላም፣ ከምግብ ጋር የሚገቡ ብዙ ተሕዋስያንንም ለመግደል የሚበቃ ኃይል አለው። እንግዲህ የሚያስደንቀው ሥጋን የሚያልመው አሲድ፣ ከሥጋ የተሠራውን የጨጓራ ግድግዳ አለማላሙ ነው።

ምክንያቱ ግድግዳው ተደራራቢ ጋሻ ያለው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጋሻ ከውስጠኛው ሽፋን የሚመነጭ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ቢሆንም ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ይለብጠዋል። ሁለተኛው፣ በዚሁ ዝልግልግ ሥር የሚጠራቀመውና አሲድን የሚያረክሰው ባይካርቦኔት የተባለው ንጥረ ነገር ነው። በእነዚህ በሁለቱ ኅብረት በጨጓራው መካከል ያለው ፈሳሽ ኃይለኛ አሲድ ሆኖ ሳለ፣ ግድግዳውን በቀጥታ የሚነካው ፈሳሽ ግን ከንጹሕ ውኃ እምብዛም የማይለይ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የአሲድ መጠን ልዩነት እስከ መቶ ሺህ እጥፍ ይደርሳል።

ሦስተኛው ጋሻ ደም ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለማቋረጥ የሚፈሰው ደም ሾልኮ የገባውን አሲድ ጠርጎ ይወስዳል፤ ለግድግዳውም ምግብና ኦክስጅን ያደርሳል። አራተኛው የግድግዳው ፈጥኖ የመታደስ ጠባይ ነው። ላይኛው ሽፋን በጥቂት ቀናት ውስጥ በሙሉ ይለወጣል። ትንሽ ጭረት ቢደርስበትም በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት ተንሸራተው በሰዓታት ውስጥ ይሸፍኑታል።

ጋሻውን የሚያዝዙት መልእክተኞች

እነዚህ ጋሻዎች በየራሳቸው የሚሠሩ አይደሉም፤ የሚያዝዟቸው መልእክተኞች አሏቸው። ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ በደም ተጉዘው ትእዛዝ የሚያደርሱ ሆርሞኖች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በተሠሩበት ቦታ የሚያገለግሉ ናቸው።

ጋስትሪን የተባለው ሆርሞን ምግብ ሲገባ አሲድ እንዲመነጭ ያዝዛል። ሶማቶስታቲን የተባለው ደግሞ አሲዱ ሲበዛ «ይብቃ» ብሎ ጋስትሪንን ይገታል። ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ ሴክሬቲን የተባለው ሆርሞን ይነሣና ቆሽት አሲዱን የሚያረክስ ፈሳሽ እንዲያፈስስ ያደርጋል። ሴክሬቲን በ1902 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛውያኑ ቤይሊስና ስታርሊንግ የተገኘ ሲሆን፣ «ሆርሞን» የሚለው ስያሜ ራሱ ከዚህ ግኝት በኋላ የወጣ ነው። እንቅልፍን በማስተካከል የሚታወቀው ሜላቶኒንና የረሃብን ስሜት የሚቀሰቅሰው ግሬሊንም በአንጀትና በጨጓራ ውስጥ ይገኛሉ፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ግድግዳውን ከጉዳት ሲጠብቁ ታይተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልናውቀው የሚገባን ግን ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ነው። ዝልግልጉ እንዲመነጭ፣ ባይካርቦኔቱ እንዲጨምር፣ ደሙ እንዲፈስ፣ አሲዱም እንዲቀንስ የሚያደርገው እርሱ ነው። አንድሬ ሮበርት የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ጥቂት ፕሮስታግላንዲን አስቀድሞ የተሰጣቸው አይጦች ንጹሕ አልኮልና የፈላ ውኃ እንኳ ወደ ጨጓራቸው ሲገባ ግድግዳቸው ከከባድ ጉዳት እንደተጠበቀ አሳይተዋል።

ምራቃችንም ድርሻ አለው። በውስጡ የሕዋሳትን እድገት የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ስላለ ቁስል ቶሎ እንዲሽር ያግዛል። ምግብን አላምጦ መዋጥ የሽማግሌዎች ምክር ብቻ ሳይሆን ይህን ንጥረ ነገር ወደ ጨጓራ የማድረሻ መንገድም ነው።

ጋሻው የሚሰበርባቸው ሁለቱ ዐበይት ምክንያቶች

የጨጓራ ቁስለት በጭንቀትና በቅመም ብዛት የሚመጣ በሽታ ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ይታመን ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ከጨጓራ ሕሙማን ላይ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ለይተው አሳደጉ። ብዙዎች አላመኑም ነበርና ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሳቸው ጠጥተው ጨጓራቸው ሲቆጣ አሳዩ። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ባክቴሪያ በዙሪያው ያለውን አሲድ በአሞኒያ እያረከሰ ዝልግልጉን ሰርስሮ ይገባል። በዚያም ተቀምጦ ግድግዳውን ያስቆጣል፤ የሶማቶስታቲንንም ምንጭ ያዳክማል። «ይብቃ» ባዩ ሲደክም ጋስትሪን ያለ ልጓም ይቀራል፤ አሲዱ ይበዛል፤ የትንሹ አንጀት መግቢያም ይቆስላል። በሀገራችን የተደረጉ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው ተገኝቶባቸዋል። የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው በአፍ፣ በትውከትና በሰገራ በተበከለ እጅ፣ ውኃና ምግብ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው የሚያዘው በልጅነቱ ነው። ባክቴሪያው ያለበት ሰው ሁሉ ግን ቁስለት ይይዘዋል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት መሪጌታውን የጎዳው ነው። እንደ ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ሕመምን የሚያስታግሡት የፕሮስታግላንዲንን መሠራት በማገድ ነው። ይህን በ1971 እ.ኤ.አ. ያስረዱት እንግሊዛዊው ጆን ቬን ሲሆኑ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር ተሸልመውበታል። ጉልበትን የሚያሳምመውም ጨጓራን የሚጠብቀውም ፕሮስታግላንዲን ስለሆነ፣ ክኒኑ አንዱን ሲያስታግሥ የሌላውን ጋሻ ያነሣል። ጉዳቱ በደም በኩል ጭምር የሚደርስ በመሆኑ መድኃኒቱን በመርፌ መውሰድም ሙሉ በሙሉ አያድንም። ከምግብ ጋር መውሰድ ማቃጠሉን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ቁስለቱን ለመከላከል አይበቃም። ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ የሆነ፣ ከዚህ ቀደም ቁስለት የነበረባቸው፣ ሁለት ዓይነት ማስታገሻ ደርበው የሚወስዱ፣ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ካሉ መድኃኒቶች ጋር የሚቀላቅሉ ሰዎች ይበልጥ ይጎዳሉ። ሲጋራና ጠንካራ አረቄም ግድግዳውን ያዳክማሉ።

በስምጥ ሸለቆ ላሉ አጥቢያዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአካባቢያችን ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ነጥብ 5 ሚሊግራም ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ እርሻ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለውን ውኃ የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው ከመበለዙ አልፎ አጥንታቸው እየደደረ ወገባቸውና አንገታቸው መታጠፍ እስኪሳነው መድረሱ በሐኪሞች ተመዝግቧል። አጥንቱ የሚያመው ሰው ማስታገሻ ይፈልጋል፤ ማስታገሻውም ወደ ጨጓራ ቁስለት ያደርሳል። ስለዚህ የንጹሕ ውኃ ጉዳይ የጥርስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውኃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን እንደማያስወግድም ለምእመናን ሊነገር ይገባል።

ከማዕድ ቤትና ከጓሮ የሚገኙት

ምእመናን ለጨጓራ የሚወስዷቸውን ነገሮች ማቃለል አይገባም፤ ከሚገባቸው በላይ ማመንም እንዲሁ።

ተልባና አብሽ በውኃ ሲዘፈዘፉ የሚያወጡት ዝልግልግ የጨጓራውን ተፈጥሯዊ ልባስ ይመስላል፤ ግድግዳውን ለብጦ ማቃጠሉን ያለዝባል። ሆኖም ባክቴሪያውን አይገድልም፤ የሚደማውንም ቁስል አያቆምም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ተልባውን ከመድኃኒቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ቢያራርቅ ይመረጣል፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ሊያዘገየው ይችላልና።

በጾም ገበታችን የማይጠፋው ጎመን ናይትሬት የተባለ ንጥረ ነገር አለው። በአፋችን ያሉ ደጋግ ባክቴሪያዎች ይለውጡታል፤ ጨጓራ ሲደርስም ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ፣ የደም ሥሮችን የሚያሰፋ ጋዝ ይሆናል። በዚህም ለግድግዳው የሚደርሰው ደም ይጨምራል።

በርበሬ ያለ ጥፋቱ የሚከሰስ ይመስላል። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን በልኩ ሲሆን በጨጓራ ውስጥ ያሉትን ነርቮች ቀስቅሶ የደም ፍሰትን ያበዛል። በሲንጋፖር ሐኪሞች በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከአስፕሪን በፊት ቃሪያ የወሰዱ ጤናማ ፈቃደኞች ጨጓራቸው ያነሰ ጉዳት ደርሶበታል። ይሁን እንጂ የቆሰለ ጨጓራ ያለው ሰው በርበሬ ካቃጠለው ሊተወው ይገባል፤ ከልክ ያለፈም መልሶ ይጎዳል።

ወተት ደግሞ ያለ ሥራው የሚመሰገን ነው። ሲጠጣ ለጥቂት ጊዜ አሲዱን ያረክሳል፤ ቆይቶ ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ተጨማሪ አሲድ ያስመነጫል። ሕመምተኛው ሌሊት ተነሥቶ የሚጠጣው ወተት ሲነጋ ያለውን ሕመም ሊያብሰው ይችላል።

ማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድና ጥቁር አዝሙድ በቤተ ሙከራ ባክቴሪያውን ሲያዳክሙ ታይተዋል። በሀገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጎርተብን ቅጠል፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ የቀረትን ቅጠል በአይጦች ላይ ፈትነው ቁስለትን የመከላከል ኃይል አግኝተውባቸዋል። አባቶች ያቆዩት ዕውቀት ለምርምር የሚበቃ መሆኑን ይህ ያሳያል። በአይጥ ላይ የተገኘው ግን ለሰው የሚሰጠው መጠን ተለክቶ፣ ጉዳት የሌለው መሆኑም ተረጋግጦ ገና መድኃኒት አልሆነም።

ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ከውጭ ሀገር ታሪክ መማር ይቻላል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሊኮሪስ ከተባለ ጣፋጭ ሥር የተሠራ ካርበኖክሶሎን የተባለ መድኃኒት የጨጓራን ቁስለት እንደሚያሽር በእንግሊዝ ሐኪሞች ተረጋገጠ። ነገር ግን የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግና የሰውነትን ፖታሲየም ስለሚያሟጥጥ የተሻሉ መድኃኒቶች ሲገኙ ተተወ።

ጾምና ጨጓራ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጨጓራ ምግብ በሌለበት ሰዓትም ጥቂት አሲድ ያመነጫል፤ ጋሻው በተሟላበት ጤነኛ ሰው ግን ይህ ቁስል አያመጣም። እንግዲያው ጾም የሚከሰሰው ስለ ምንድን ነው? በትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ያለ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው ሆድ ባዶ ሲሆን ነው፤ ሲበሉ ይታገሣል። ስለዚህ ጾሙ አስቀድሞ የነበረውን ቁስል ይገልጠዋል እንጂ አይፈጥረውም። በጾም ወራት ሆዱን ደጋግሞ የሚያመው ሰው መመርመር ያለበትም ስለዚህ ነው።

ቁስለቱ የተረጋገጠበት ሰው ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ባክቴሪያውን ለማጥፋት የሚሰጠው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ኦሜፕራዞልን ከሁለት ፀረ ተሕዋስያን ጋር በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ14 ቀናት መውሰድን ይጠይቃል። ከመካከሉ ከተቋረጠ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ቀጣዩም ሕክምና ይከብዳል። ለሕመምተኛ በጾም ሰዓት የሚሰጠው ፈቃድ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን የታወቀ በመሆኑ፣ ምእመኑ ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስድ ማድረግ የአባቶች ድርሻ ነው። ሕክምናው ሲፈጸምና ሐኪም ሲፈቅድ ወደ ጾሙ ይመለሳል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ኦሜፕራዞል የታዘዘለት ሰው ከመጀመሪያው ማዕድ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚወስደው በመሆኑ፣ በጾም ወራት ሰዓቱን እንዴት እንደሚያስተካክል ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጸበልንና መድኃኒትን ስለማጣመርም ጥያቄ ይቀርብልናል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጋጩ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለጨጓራ ሕመምተኛም መንገዱ ያው ነው፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ሰበካ ጉባኤያት ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ትምህርትና ማስታወቂያ የአደጋ ምልክቶች ይነገሩ። ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆር፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ራስን መሳት፣ ድንገተኛና ኃይለኛ የሆድ ሕመም የታየበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ይህን ጾሙ እስኪፈታ ማቆየት ሕይወት ያስከፍላል።

ሁለተኛ፣ ለረጅም ሰዓት የሚቆሙ ካህናት፣ መሪጌቶችና ዲያቆናት የሚወስዷቸውን ማስታገሻዎች ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ይደረግ። ለብዙዎች ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ለጨጓራ የተሻለ ነው። ሌላው ማስታገሻ የግድ ካስፈለገ ሐኪሙ የጨጓራ መከላከያ አብሮ ሊያዝ ይችላል። ለልብ ሕመም አስፕሪን የታዘዘለት ሰው ግን ከሐኪሙ ሳይመክር አያቁም።

ሦስተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያሉ መጸዳጃዎች፣ የእጅ መታጠቢያዎችና የጋራ መጠጫዎች ንጽሕና ይጠበቅ። በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እጅ መታጠብን መማራቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚመጣውን ቁስለት ይከላከላል።

አራተኛ፣ አጥቢያው የራሱ ጉድጓድ ካለው የውኃው የፍሎራይድ መጠን እንዲለካ ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፍ።

እኒያ መሪጌታ ዛሬ ወደ ማኅሌቱ ተመልሰዋል፤ ሲደክማቸውም ይቀመጣሉ። ስንጠይቃቸው፣ የሚቆጫቸው ሕመሙ ሳይሆን ሰገራቸው ሲጠቁር ለማንም አለመናገራቸው እንደሆነ ነግረውናል። እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ያሳፍራል፤ በጾም ወራት ሕመምን መናገርም ጾሙን ማማረር ይመስላል። ይህን እፍረት ከምእመናን ላይ ሊያነሣ የሚችለው የንስሐ አባት ነው። በመሆኑም ከሚቀጥለው ጾም አስቀድሞ ይህ ጉዳይ በየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አንድ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ በትሕትና እናሳስባለን።